ዜማ፦ የሕዝብ

ክረምት ለእኔ ሥራ የሚቆራረጥበት ወቅት ነው። ስቱዲዮ ብዬ የምጠራው ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ደመናው በጣና በኩል ጠቁሮ ሲመጣ የምቀዳውን ሰው በእጄ ምልክት አስቆምና ሁለታችንም ዝም ብለን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፍኜው ነበር፤ ብዙ ልጆች ዛሬም እንዲያ ያደርጋሉ። ካርቶኑ ግን ድምፅ አያግድም። የክፍሉን ማስተጋባት የቀነሱልኝ የጥጥ ፍራሽና ሁለት ወፍራም ጋቢዎች ናቸው። ዝናቡን ግን ምንም አያስቆመውም፤ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና ባለቤታቸው ሦስት ዘፈን ሊቀዱ መጡ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እኔ ጋሼና እትዬ እላቸዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሠርግ፣ በክርስትና እና በአዝማሪ ቤት አብረው ሠርተዋል፤ ጋሼ ይመታሉ፣ እትዬ ያዜማሉ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ፊታቸውን ሲያይ «የት ነበር የማውቃቸው?» ማለቱ አይቀርም።

ጋሼ ከኪሳቸው ትንሽ ዕጣን አውጥተው የደጋኑን ጭራ ማሸት ጀመሩ። ክፍሉ የቤተ ክርስቲያን ሽታ ሸተተ። ማይኩን ከማሲንቆው ክንድ ተኩል ያህል አራቅሁት፤ ቀረብ ካለ ከዜማው ይልቅ የፈረስ ጭራው ሹክሹክታ ይቀዳል። ይህን ያወቅሁት ብዙ ሰው ካበላሸሁ በኋላ ነው። ሌላም ያበላሸሁት ነገር አለ። ወጣት ሳለሁ ማሲንቆ ተጫዋች ሲመጣ ኪቦርዴን ከፍቼ «በዚህ ቃኙልኝ» እል ነበር። ጋሼ በኪቦርድ አይቃኙም፤ እትዬ ሁለት ቃል ያንጎራጉራሉ፣ እሳቸው በዚያ ድምፅ ልክ ጭራውን ይወጥራሉ። የትዝታና የአንቺ ሆዬ ቅኝት እርከኖች ፒያኖ ላይ ከተቀመጡት ትንሽ ወጣ ወይም ወረድ ይላሉ፤ ኮምፒውተሩ «ላስተካክል» ብሎ ጎትቶ ሲያሰልፋቸው ዜማው ልክ ይሆናል፣ ልብ ግን አይነካም። አሁን ያንን ፕሮግራም ለማሲንቆ ዘፈን አልከፍተውም።

የመጀመሪያውን ዘፈን ቀድተን ጨረስን። ዘፈኑን ለሚያሠራጨው ድርጅት የሚላከውን ቅጽ ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩ። የዘፈኑ ስም፣ ድምፃዊ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ዜማ የሚለው ጋ ስደርስ ጣቴ ለዓመታት የለመደውን ሊጽፍ ቃጣው፤ «የሕዝብ»። ደግሞ ቆም አልኩና ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዜማ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ ልጄ። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እዚህ ላይ የሚጻፍ ነገር ስላለ ነው።»

ዝም አሉ። ማሲንቆውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ካሴት በነበረበት ዘመን ነው። ከባሕር ዳር መናኸሪያ ወደ መራዊ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍረዋል። ሾፌሩ ካሴት ከተተ። ሁለተኛው ዘፈን ሲጀምር ዜማውን አወቁት፤ በአንድ ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲመቱት ያደሩት የራሳቸው ዜማ ነው። ግጥሙም አንድ ቃል ሳይጎድል ነበር።

ጣና ዳር ተወልጄ ውሃ ጥም ገደለኝ፣
ዓባይ እያጋዘ ለሰው እያደለኝ።

አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው በጉልበቱ ምት እየያዘ ነበር። «ይሄ የኔ ነው ልለው ፈለግሁ፤ ደግሞ እብድ ነው ይለኛል ብዬ ተውኩት» አሉኝ። መራዊ ሲወርዱ ሙዚቃ ቤት ገብተው ካሴቱን በራሳቸው ገንዘብ ገዙት። ማንበብ ስለማይችሉ የሽፋኑን ጽሑፍ የሚያነብ ልጅ ፈለጉ። ልጁ የድምፃዊውን ስም አነበበ፣ የአቀናባሪውን አነበበ፣ ከዚያ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ብሎ አነበበ።

«ሕዝብ የሚባለው ማን ነው? ብዬ ልጁን ጠየቅሁት» አሉ ጋሼ። «ሁላችንም ነን አለኝ።»

እትዬ ይህ ሁሉ ሲወራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ግድግዳው ላይ ያለውን ጋቢ ያዩ ነበር።

እኔ ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ክፋት ኖሮኝ አልነበረም። ቅጹ ባዶ ቦታ አይቀበልም፤ የገጠር ዜማ ሲመጣ ደግሞ ባለቤት መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፣ ድምፃዊው ቸኩሏል፣ ክሊፑ ነገ ጣና ዳር ይቀረጻል፣ የደንገል ታንኳው ተከራይቷል። «የሕዝብ» ስትል ሁሉም ነገር ያልፋል። ቃሉ የሚያኮራም ይመስላል፣ ባህል ያከበርክ ያህል ይሰማሃል።

በእርግጥ የሕዝብ የሆነ ዜማ አለ። ሆያ ሆዬን፣ አበባየሆሽን ማንም የኔ አይልም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት እንደ ፊደል ነው፣ በፊደል የተጻፈው ደብዳቤ ግን ጸሐፊ አለው። ቀረርቶና ፉከራ፣ የሙሾ አወራረድ፣ የእረኛ ዋሽንት፣ እነዚህ ከአያት ቅድመ አያት የመጡ ናቸው። ችግሩ የመጣው ይህ እውነተኛ ነገር ለሌላው ሽፋን ሲሆን ነው። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች፣ እዚህ ጎጃም ጊሽ ዓባይ፣ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ወሎ ላሊበላ፣ የየአካባቢያቸውን ዜማ መድረክ ላይ ሲያወጡ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ዛሬ የምንዘፍነውን ብዙ ነገር ለከተማው ያስተዋወቁት እነሱ ናቸው። ግን ዜማ ከአንድ ሠርግ ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ካሴት ሲሻገር የፈጠረው ሰው ስም መንገድ ላይ ይወድቃል። ሰውየው በሕይወት አለ፤ ከባሕር ዳር ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ እየኖረ ነው።

ስም መጻፍ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ አምሃ እሸቴ ያንን ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፈተ፤ እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ውጭ አገር፣ ሕንድና ሊባኖስ እየታተመ ይመጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳትሟል። በሸክላው መሐል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የድምፃዊው፣ የባንዱና የአሳታሚው ስም ነበረበት። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ኢትዮጲክስ በሚል ተከታታይ እነዚያን ሥራዎች በሲዲ መልሶ ሲያወጣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ከስሙ ማየት ይቻል ነበር። የጋሼን ዜማ ነገ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ የሚያገኘው «የሕዝብ» የሚል ቃል ነው። ሕዝብን ማንም ደውሎ አያገኘውም።

ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ወጣቶች ስቱዲዮ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።

አንድ ዘፈን ሲቀዳ ሁለት ንብረት ይፈጠራል። አንዱ ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሌላው የተቀዳው ድምፅ ነው። ባለቤቶቻቸው የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ገንዘቡም የሚሄድበት መንገድ የተለያየ ነው። እኛ አገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፃዊው ለግጥሙ፣ ለዜማውና ለቅንብሩ ከኪሱ አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በካሴት ዘመን ደግሞ ሙዚቃ ቤቱ ራሱ አሳታሚ ነበር፤ ለድምፃዊው በአንድ ጊዜ ገንዘብ ሰጥቶ ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ ይወስዳል። ካሴቱ አንድ ሺህ ይሸጥ መቶ ሺህ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የአሳታሚው ነው። በበኩሉ አሳታሚውም አልተረፈም፤ ዋናው ካሴት ሱቅ ከመድረሱ በፊት ግልባጩ መንገድ ላይ ይሸጥ ነበር። በኋላ ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ሞባይል ሱቅ ገብቶ ሚሞሪ ካርድ ማስጫን። ባሕር ዳር ውስጥ በትንሽ ብር መቶ ዘፈን ስልኩ ላይ ያላስጫነ የእኔ ትውልድ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም አስጭኛለሁ።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ደብተር ግጥም ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። አንዱን ግጥም በ500 ብር ሸጥኩ። ወረቀት አልተጻፈም፣ ምስክር አልነበረም፣ የሰጠኝ ሰው ብሩን ቆጥሮ «ተባረክ» አለኝ። ዘፈኑ ወጣ፣ ተወደደ፣ ዛሬም አልፎ አልፎ በሠርግ ይሰማል። ስሜ የለበትም። ለዓመታት ሰውየውን ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ እኔ ራሴ ምን እንደሸጥኩ ሳላውቅ መሸጤን ያየሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ አዋጁ ነበረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የደራሲው ገንዘብ ነክ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል ይላል። መብቱን ለሌላ ለማስተላለፍ ደግሞ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ማለትም ያ 500 ብር የገዛውና ያልገዛው ነገር ነበረ። ማን ነግሮኝ!

ከአዋጁ ሁሉ ግን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ቃል ነው። ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ፣ ማለትም የራሱ የደራሲው፣ ሲሆንና ግዘፍ ሲያገኝ ነው። ግዘፍ ማግኘት ማለት መጻፍ፣ መቀዳት፣ የሚዳሰስ ወይም የሚሰማ ነገር ላይ መቀመጥ ነው። አዝማሪ ግን ግዘፍ በሌለው ነገር የሚኖር ሰው ነው! አንድ እንግዳ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ይቀበላል፣ እንግዳው ያላሰበውን ወርቅ ጨምሮበት ይመልሳል፣ ቤቱ ይስቃል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፋል፣ ግጥሙም በዚያው አየር ላይ ይቀራል። ክፍያው በሰዓቱ ተፈጽሟል። በዚህ ሥርዓት ለዘመናት ተኖሯል፤ ለሚገባው ሰው፣ ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር ይከፈላል ከሚባለው ሮያሊቲ የፈጠነ ክፍያ ነው። ችግር የሚመጣው ከደንበኞቹ አንዱ ስልኩን ሲያወጣ ነው። ያን ጊዜ ግጥሙ ግዘፍ ያገኛል፤ በሌላ ሰው ስልክ ላይ፣ በሌላ ሰው ቻናል ላይ።

ስለ ኢንተርኔቱ የማውቀውን ባጭሩ ልበል። እንደ ስፖቲፋይ ያሉት የሙዚቃ ማድመጫዎች ለአንድ ጊዜ መሰማት የተቆረጠ ዋጋ የላቸውም። የወሩን ገቢ ሰብስበው የራሳቸውን ድርሻ ያነሳሉ፣ የቀረውን በዚያ ወር ከተደመጠው ሁሉ የአንተ ዘፈን ስንት እጅ ነው ብለው ያካፍላሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስፖቲፋይ ላይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ለቀረጻው ባለቤት ምንም አያስገኝም። ዩቲዩብ ላይ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቻናሉ 1,000 ተከታይና በዓመት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ከማስታወቂያው 55 በመቶ ለቻናሉ ባለቤት ነው። ዋሽንግተን ያለ ተመልካች ከባሕር ዳሩ እጅግ የበለጠ ያስገባል፤ ማስታወቂያ የሚከፈለው በዚያ አገር ዋጋ ነውና። አገር ውስጥ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ሲያስጀምሩ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ሙዚቀኞች ራሳቸው የዘፈን መሸጫ ሠሩ ብለን አወራን። ኤልያስ ብዙ ሳይቆይ፣ መስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ግን የሚሄደው ፋይሉን ወደጫነው ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ማን እንደዘፈነ አይሰማም፤ ቅጹን ያነባል። አንድ የቀዳሁት ልጅ የራሱን ዘፈን ራሱ ሲጭን «ይህ የሌላ ሰው ንብረት ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ አንድ ሰው ቀድሞት አስመዝግቦታል። ዜማ በሚለው ቦታ «የሕዝብ» ከተጻፈ ደግሞ የዜማ ደራሲው ድርሻ ለማንም አይደርስም። ወይም «ባህላዊውን እኔ ነኝ ያቀናበርኩት» ብሎ ለተመዘገበው ይሄዳል።

ሙዚቀኛ በእውነት የሚበላው ከዚህ ሁሉ ሳይሆን ከሠርግ ነው። ጥር ላይ ሠርግ ይዘንባል፤ ሚዜ፣ ሽማግሌ፣ ድንኳን፣ ሳውንድ ሲስተም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና 55 ቀን ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ሳምንት ሠርግ፣ ከዚያ ክረምት። ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ስጫወት የዓመቱን የቤት ኪራይ በጥርና በግንቦት ካልያዝኩ አልቆልኛል ማለት ነበር። ሐምሌ 2015 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ የሌሊት ሥራ የሚባለው ነገር ቆመ። የሞባይል ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ስለነበር «ዘፈኔን ኢንተርኔት ላይ ላድርግ» የሚለውም መንገድ ተዘጋ። ያን ጊዜ ማሲንቆውን ሸጦ የባጃጅ ረዳት የሆነ ሰው አውቃለሁ። ጋሼ አልሸጡም። እትዬ ጉልት እየቸረቸሩ ያንን ጊዜ አሳለፉት።

ወደዚያ ከሰዓት ልመለስ። ጋሼ የአውቶቡሱን ታሪክ ጨርሰው ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ መጠየቄ ከብዶኝ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎስ ከሌላ አልወሰዱም?»

«ወስጃለሁ እንጂ። አባቴ የጀመሩት ነው፣ መግቢያው የሳቸው ነው። እኔ መሐሉን አዞርኩት፣ መመለሻውን ሠራሁ። አባቴ ደግሞ ከማን እንደሰሙት እግዜር ይወቅ። አዝማሪ ከአዝማሪ ይሰማል፤ ይሄ ነውር የለውም። ግን እኛ ስንወስድ እንናገራለን። ‹ይቺ የእገሌ ናት› እንላለን። ሰውየው ቢኖር ስሙ ይጠራል፣ ቢሞት ነፍስ ይማር ይባላል።»

ይህን ሲሉ የገባኝ ነገር አለ። አዝማሪዎቹ ያለ ወረቀት የራሳቸው መዝገብ ነበራቸው። ስም መጥራት። ያንን መዝገብ የሰበርነው እኛ ወረቀት ያለን ነን፤ የካሴት ሽፋን የምናትም፣ ቅጽ የምንሞላ።

ስለዚህ አሁን ስቱዲዮዬ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ማይኩ ክፍት ሆኖ ተጫዋቹ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የት እንደተወለደ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሰማው፣ የትኛውን እሱ እንደጨመረ በአንደበቱ ይናገራል። ቀኑን እኔ እጨምራለሁ። ያ ድምፅ ከዘፈኑ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጣል፣ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ በፍላሽ ይሰጠዋል። ፍርድ ቤት ቢደርስ ምን ያህል እንደሚመዝን ጠበቃ ያውቃል። ግዘፍ ግን አግኝቷል። የጀመርኩት በጋሼ ነው።

ማይኩን ከፈትኩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስማቸውን ከነአያታቸው ተናገሩ፣ የተወለዱበትን ቀበሌ ተናገሩ። «መግቢያው የአባቴ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከዚያ ያለው የኔ ነው። ግጥሙም የኔ ነው» አሉ።

ውጭ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መምታት ጀመሩ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እትዬ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ቆይ ልጄ፣ አትዝጋው። ጣና ዳር ተወልጄ የሚለውን እኔ ነኝ ያወጣሁት። እናቴ የሞተች ዓመት፣ ውሃ ስቀዳ። እሱ ያውቃል።»

ጋሼ ባለቤታቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ ነበር። ዝናቡ እየበረታ ነው፤ ፋይሉ ላይ ይሰማል።

«አዎ» አሉ፣ «የሷ ናት። ረስቼው ኖሬ።»

«እንግዲያ ጻፈው» አሉኝ እትዬ፣ ወደ ላፕቶፑ እያመለከቱ። ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩኝ። አጻጻፉን ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። ከዚያ ዝናቡ እስኪያባራ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን።